እጅሽ ይ…

…እና አፌን ከቱቦው ማንሳት የለብኝም፣ ካነሳሁ የነፋሁት ሁሉ ይሟሽሻል፣ ጺማሙ እንደዚያ ነው ያለው፣ ወይም እንደዚያ ያለ መስሎኛል፣ ቋንቋውን ግማሹን ነው የምሰማው፣ ግማሹን ከጉንጩ ነው የማነበው፣ ስልኬ ውስጥ የሚኖር ጺማም ሰውዬ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ይዞ እያሽከረከረ፣ ቀስ በሉ፣ አታስገድዱት፣ መሆን የሚፈልገውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል ይላል፣ ለእሱ ምን አለበት፣ እሱ በር ያለው ምድጃ አለው፣ እኔ ያለኝ ባልዲ ነው። ባልዲ። ውስጡን በሸክላ አፈር የለሰንኩት፣ ከሰል የሞላሁት፣ ጎኑን በስቼ በቆርቆሮ ቧንቧ የእትዬን አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ የቀጠልኩበት፣ ማድረቂያው ያጓራል፣ ፍሙ ከመቅላት አልፎ ይነጣል፣ እኔ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ በርከክ ብዬ እነፋለሁ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ይግባ።

ቱቦው የመጋረጃ ዘንግ ነው። የሳሎኑ መጋረጃ ከዚያ ወዲህ በሲባጎ ነው የተንጠለጠለው፣ እትዬ አየችው፣ ምን አለች፣ ምንም፣ እህቴ ሰው የምትገድለው ምንም ሳትል ነው፣ ሲባጎውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯ መሀል የደረደረቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፣ ትክ ትክ ትክ፣ ይኸው አሁንም በግድግዳው በኩል ትክ ትክ ትላለች፣ የፊተኛው ክፍል የእሷ ነው፣ ብርሃን ያለው፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ያለው፣ ሙሽሮች እየገቡ የሚሽከረከሩበት፣ የኋለኛው የእኔ። እኔ ክር ለቃሚ ነኝ። ባለሙያዋ ስትሰፋ ወለሉ ላይ የወደቀ ቁርጥራጭ ክር የምለቅም፣ መቀስ አይሰጠኝም፣ ካውያ አይሰጠኝም፣ የተጠናቀቀ ቀሚስ ከነማንጠልጠያው እንኳ እንድይዝ አይፈቀድልኝም፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ክር ለቃሚ፣ ደግሞ ለሰው ስታስተዋውቀኝ ታግዘኛለች ነው የምትለው፣ ታግዘኛለች፣ ብላ ትስቃለች፣ ሙሽራዎቹም አብረው ይስቃሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ።

አዙሪው። ካላዞርሽው ወደ አንድ ጎን ይንጠባጠባል፣ ትናንትና የተንጠባጠበው ወለሉ ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ አረንጓዴ እንባ፣ ኧረ እቴ ምን እንባ፣ ንፍጥ ነው የሚመስለው። ጠርሙስ ነው የማቀልጠው፣ ሰው የጣለው አረንጓዴ ጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ እሰብረዋለሁ፣ መስበሩን ማንም አላስተማረኝም፣ መስበርማ የእኔ ሙያ ነው፣ ስባሪውን በፍሙ ላይ አለሰልሳለሁ፣ በዘንጉ ጫፍ እጠቀልለዋለሁ፣ ማር ሲሆን አወጣዋለሁ፣ እነፋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ እነፋለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ወይ ቀዳዳ ወይ ጎባጣ ወይ ገና ሳይበርድ ጧ ያለ ነው። እትዬ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አይታኝ፣ በጉንጭሽ ልክ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፋብሪካ ትከፍቺ ነበር አለችኝ፣ ሙድ ያዘችብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሰው ሲሰድበኝ ቀድሜ የምስቅ እኔ ነኝ፣ አመል ነው።

ግን ዛሬ ሌላ ነው። ዛሬ ገና ከጧቱ እጄ ላይ ሌላ ነገር አለ፣ ወይም ብርጭቆው ላይ፣ ብቻ ስነፋው ትንፋሼን ተቀበለው፣ ትንፋሼ ከአፌ ወጥቶ ዘንጉን ዘልቆ ማሩ ውስጥ ሲገባ አየሁት፣ መጀመሪያ የአተር ፍሬ የምታህል ክፍተት፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ፣ ከዚያ ይኸው፣ እንደዚህ፣ ቀስ፣ እየሰፋ ነው፣ በስተግራ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ይጉበጥ፣ የኔ ነው ከነጉብጠቱ፣ አታስገድዱት ይላል ጺማሙ፣ አላስገደድኩትም ጺማሙ፣ እንዳንተው ለስለስ አድርጌ፣ ማን በዚህ ዕድሜዋ ትማራለች አለ፣ ማን አለ፣ እትዬ ነች ያለችው፣ ሌላ ማን ይላል።

ሰባብሬ። ስሜ ሌላ ነው፣ ሰው ግን የሚጠራኝ ሰባብሬ ብሎ ነው፣ ሰባብሬ መጣች፣ ዕቃውን አንሱ። እናታችን የሞተች ሰሞን ነው የወጣልኝ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እኔ ትንሽ ልጅ፣ እግሬ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተያዘ፣ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ ነበር፣ ያን ሁሉ ብርጭቆ፣ እናቴ ራሷ ለእንግዳ ብቻ ብላ ያስቀመጠችውን፣ ድምፁ አልቆም አለ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይሰበራል፣ ተንከባሎ ሄዶ ከአልጋው ስር ይሰበራል፣ የሚያለቅሱት ሁሉ ለቅሷቸውን አቁመው ያዩኛል፣ እትዬ ያኔ ራሷ ገና ኮረዳ ነች፣ ከፊታቸው ተነስታ፣ ከዚህ በፊት ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ነገር፣ እጅሽ ይሰበር! አለችኝ። እጅሽ ይሰበር። ከዚያ አጎታችን ነገሩን ለማብረድ ብሎ፣ ተይ ተይ፣ የሰበረችው ይበቃል፣ ይቺ ሰባብሬ አለ፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ እናቴ በሞተች በሳምንቱ ቤቱ የሳቀው በእኔ ነው፣ ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ ማለት ነው።

አሳደገችኝ። አዎ፣ አሳደገችኝ፣ ማንም አልካደም፣ እሷም አትረሳውም፣ የተወችውን ትዳር፣ ያላየችውን አገር፣ ያልወለደችውን ልጅ፣ ሁሉንም በእኔ ላይ ቆጥራ ታውቀዋለች፣ አትናገርም ግን፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ስፒሎቹን ስታወጣ አንድ ትንፋሽ ታወጣለች፣ እፍፍ፣ ያቺ ትንፋሽ፣ ያቺን ትንፋሽ በዘንግ ጫፍ ላይ ብትነፋት ሰማይ የሚያክል ብርጭቆ ይወጣት ነበር።

ደግሞ ክፉ አይደለችም እኮ፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ለሁሉም ሰው ደግ ነች። ቧንቧ ሠሪው መጥቶ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ነካክቶ ሄደ፣ በማግስቱ ጭራሽ እንደ ምንጭ ፈለቀ፣ እሱን ግን ሲወጣ እጅህ ይባረክ ብላዋለች። ጋዜጣ የሚያድለውን፣ እጅህ ይባረክ። ጎረቤታችን ሴትዮ ያመጣችውን የተቃጠለ ዳቦ፣ ያውም ጥቁሩን በቢላ እየፋቀች እየበላች፣ እጅሽ ይባረክ እህቴ፣ እንዴት ይጣፍጣል። አንዷ ሙሽራ ራሷ የሰፋችውን ቦርሳ አሳየቻት፣ ዚፑ የተገለበጠ፣ ጠማማ፣ እትዬ አገላብጣ አይታ፣ እጅሽ ይባረክ። እጅሽ ይባረክ፣ እጅህ ይባረክ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ በአፏ ላይ እንደ ምራቅ ነው፣ ለማንም ይደርሳል፣ ለእኔ ደረቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ያጠብኩትን ሳሳያት ፍሳሹን ታያለች፣ የጠረግሁትን ሳሳያት ጥጉን፣ ያበሰልኩትን ሳቀርብ፣ ቀና ብላ፣ ድስቱ ደህና ነው? ትላለች። ድስቱ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ሙያ በልብ ነው ይባላል፣ ልቤ ሞልቷል፣ ተትረፍርፏል፣ ከሷ አፍ ነው የምፈልገው። ለዚህ ነው ብርጭቆ የመረጥኩት፣ ሹራብ መሥራት አቅቶኝ አይደለም፣ የሰበርኩትን ነው የምሠራው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ባስቀምጥላት፣ ይቺ ሰባብሬ የነፋችው ብርጭቆ ብላት፣ ምን ትላለች፣ ሌላ ምን የሚባል ነገር አለ፣ ለሚሠራ ሰው የሚባለው አንድ ነገር ነው፣ ለቧንቧ ሠሪው እንኳ ተብሏል።

በቃ፣ አሁን። ዘንጉን አወጣለሁ፣ አንገቱ ላይ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፣ ጭስስ፣ በእንጨት ቆንጠጥ፣ ማለት ነካ፣ ነካ ብቻ፣ እንዳትመቺው፣ ይኸው፣ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ያኖርኩት ጡብ ላይ በእግሩ ተቀመጠ፣ ማንም ሳይደግፈው ተቀመጠ! አላምንም። ከንፈሩን በፍም ትንሽ ለስለስ አድርጌ ስባሪውን አጠፋሁለት፣ አሁን ከንፈር አለው፣ ሆድ አለው፣ ወገብ አለው። ቅድም ብርቱካን መስሎ ይቀላ የነበረው ዓይኔ እያየ ቅላቱን እየተወው ነው፣ ይሄ ነው ደስ የሚለኝ፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝም፣ ቅላቱ ሄዶ አረንጓዴው ይመጣል፣ ጥርት ያለ፣ ማታ ታጥቦ የተደፋ ብርጭቆ ይመስላል፣ አንስተሽ ውሃ ጠጪብኝ ይላል። ውሸቱን ነው። ትኩስ ብርጭቆና ቀዝቃዛ ብርጭቆ መልካቸው አንድ ነው፣ ይሄንን ከጺማሙ አይደለም የተማርኩት፣ ከአውራ ጣቴ ነው፣ ባለፈው ቀዝቅዟል ብዬ ነካ ሳደርገው ነካ ብቻ ነው ያደረግሁት፣ ቆዳው ተላጠ፣ ለእትዬ በር ቀረቀረኝ አልኳት፣ በሩ ደህና ነው? አለች።

አሁን አመድ ውስጥ መግባት አለበት፣ ቶሎ፣ ትኩስ አመድ የሞላ ብረት ድስት ከባልዲው አጠገብ አዘጋጅቻለሁ፣ መቀበር አለበት፣ በአንዴ ከበረደ ላዩና ውስጡ ይጣላሉ፣ ላዩ ልብረድ ይላል ውስጡ ገና ነኝ ይላል፣ ሲጣሉ ይሰነጠቃል፣ አመድ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበርድ ነው የሚታረቁት። እጀ አመድ አፋሽ ይሉኝ ነበር፣ ለሰው ለፍታ ምስጋና የማታገኝ ለማለት፣ ይኸው በድስት ሙሉ አፍሼ አስቀምጫለሁ፣ ይሳቁ። መቆንጠጫው የት አለ፣ መቆንጠጫው

ቆመ።

መኪናው ቆመ። ትክ ትክ የለም። ወንበሯ ተጎተተ፣ ጫማዋ፣ ተረከዙን እየጎተተች ነው የምትሄደው፣ ኮሪደሩን፣ ወደዚህ ነው፣ እየመጣች ነው፣ ቅበሪው፣ አሁን ቅበሪው፣ ከተቀበረ ግን አታየውም፣ ነገ ሲወጣ ደግሞ ተሰንጥቆ ቢወጣስ፣ ስንቱ ተሰንጥቆ ወጣ፣ የሚያምረው አሁን ነው፣ ሙሉ የሆነው አሁን ነው፣ አንዴ ትየው፣ በሩ ላይ ሆና ትየው፣ ከዚያ እቀብረዋለሁ፣ ለአንድ አፍታ ምን ይሆናል። መቆንጠጫውን ይዤ እቆማለሁ። ባልዲውን አልፌ፣ ብርጭቆው እንዲታያት ወደ ጎን እላለሁ፣ እንደ ሱቅ ሻጭ።

አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጉድ አጥፊልኝ፣ መብራቱ እየወረደ መኪናው እያቃሰተብኝ ነው፣ ዶቃውን አይቼ መደርደር አልቻልኩም፣ ነገ የሚወሰድ ቀሚስ ነው፣ ሰምተሻል? ሰምቻለሁ እትዬ። ማድረቂያውን አጠፋለሁ። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ ስፒሎቿ ከንፈሯ መሀል፣ ሁልጊዜ በስፒል መሀል ነው የምታወራው፣ ላቧን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ምን ዓይነት ሙቀት ነው፣ እዚህ ሰው ይኖራል? ብላ ልትዞር ነው፣ አትዙሪ፣ አትዙሪ እትዬ፣ እባክሽ፣ ጡቡን እዪ

አየችው።

መነጽሯ ይወርዳል። ስፒሎቹን ታወጣቸዋለች፣ አንድ በአንድ አይደለም፣ ሁሉንም በአንዴ፣ ደረቷ ላይ ሰካ ሰካ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ብርጭቆ ነው፣ ብርጭቆ መሆኑንማ አያለሁ፣ ከየት አመጣሽው፣ ሠራሁት፣ አንቺ? እኔ። በምን? በአፌ እትዬ፣ ነፍቼ። ትስቅብኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጃለሁ፣ ቀድሜ ልስቅ። አልሳቀችም። አንድ እርምጃ ትገባለች፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ገብታ አታውቅም፣ በሩ ላይ ነው የምትቆመው፣ ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ ወይ ጉድ፣ አለች፣ ቀለሙ እንዴት ደስ ይላል፣ ከንፈሩን እዪው፣ ይሄን ከንፈር እንዴት አድርገሽ አዞርሽው? ስፌት ስታይ የምታይበት ዓይን ነው፣ የሌላ ባለሙያ ቀሚስ ገልብጣ ውስጡን ስታይ የምታይበት፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፣ እንዲህ አይነት ፊት አላት እንዴ፣ የት አስቀምጣው ነበር፣ እናቴን ትመስላለች፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ነው የኖርኩት፣ ማንም አልነገረኝም።

እና እጇን ትዘረጋለች። ቀኝ እጇን።

አየዋለሁ፣ እጇን አየዋለሁ፣ መርፌ ያደነደነውን የጣቷን ጫፍ፣ ጥፍሯ ስር የገባውን ጠመኔ፣ የነገዋን ሙሽራ ዶቃ በመደርደር ላይ ያለውን እጅ፣ ቤቱን ያቆመውን፣ እኔን ያጠበና ያለበሰ፣ በሕይወቱ አንድ ዕቃ ጥሎ የማያውቅ እጅ፣ ትኩስ ነው በያት፣ ክፍሉ ራሱ እሳት ስለሆነ የብርጭቆው ግለት ለብቻው አይሰማትም፣ አታውቅም፣ ማን ይነግራታል፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት፣ ትኩስ ነው፣ ምላሴ ላይ ነው ያለው፣ ት ብቻ ብል ትቆማለች፣ ግን እጇ ብቻ አይደለም የሚቆመው አፏም ይቆማል፣ አፏ ደግሞ ተከፍቷል፣ እየመጣ ነው፣ አውቀዋለሁ ሲመጣ፣ ለቧንቧ ሠሪው ሲመጣ አይቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቷ ይነቀነቃል፣ እዪ ነቀነቀች፣ ከዚያ ከንፈሯ፣ ትኩስ ነው ካልኳት ትዘልላለች፣ ልታቃጥዪኝ ነበር ትለኛለች፣ ፊቷ ይቆለፋል፣ ሰባብሬ ትላለች፣ ደግሞ ማቃጠል ጀመርሽ ትላለች፣ ያቺ ቃል ተመልሳ ሆዷ ውስጥ ትገባለች፣ ድጋሚ አትወጣም፣ ዕድሜ ልኬን፣ እንግዲህ ትበለው፣ ቃሉን ትጨርስ፣ ልክ እንደጨረሰች እጮሃለሁ፣ ከቃሉ መጨረሻ እስከ ብርጭቆው ድረስ ቦታ አለ፣ ትንሽ ቦታ፣ ይበቃኛል፣ ልክ ስትጨርስ፣ በይ እትዬ፣ በይ፣ ጣቶቿ ተከፈቱ፣ በይ፣ ፍጠኚ፣ ከእጅሽ ቅደሚ

እጅሽ ይ

አለች። እጇም ብርጭቆው ላይ ገጠመ።

ድምፅ የለውም። ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ሲወድቅ ያን ሁሉ ድምፅ አሰምቶ፣ ይሄ ምንም። ቆዳ ሲጠበስ የሚወጣ ትንሽ ጭስስ፣ አንገቱ ላይ ውሃ ጠብ ሳደርግ እንደሰማሁት፣ ከዚያ ሽታ። ትጥለዋለች። አሁን ትጥለዋለች፣ ማንም ቢሆን ይጥለዋል፣ እጅ ራሱ ሳይጠየቅ ይጥላል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ አለቀ፣ ዓይኔን ልጨፍን እልና አልጨፍንም። አትጥለውም። አፏ እንደተከፈተ ነው፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ክንዷ ይመለሳል፣ ብርጭቆውን ወደ ጡቡ ትመልሰዋለች፣ በእግሩ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ቅድም ከነበረበት ሳይዛነፍ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታላቅቃለች፣ አልላቀቅ ያለውን በግራ እጇ ታላቅቀዋለች። ብርጭቆው ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። ቀስ እያለ ይጠቁራል።

አልጮኸችም። እኔ ነኝ የጮህኩት፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፣ ቆይቼ ነው የጮህኩት፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ትኩስ ነው! አልኩ። ትኩስ ነው፣ አልኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ውሃ፣ ትለኛለች። በቀስታ፣ መቀስ አቀብይኝ በምትልበት ድምፅ። ቧንቧው ከኋላዬ ነው። ጡቡ ከፊቴ ነው። መቆንጠጫው እጄ ውስጥ ነው፣ ብርጭቆው እየበረደ ነው፣ በአንዴ እየበረደ ነው፣ ላዩና ውስጡ አሁን ይጣላሉ፣ ትንሽ ከቆየሁ ጧ ይላል፣ ያኔ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው፣ ይሄ ሁሉ ለባዶ ነው፣ ውሃ እያለችኝ ነው፣ ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ እትዬ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ። ጎንበስ እላለሁ፣ ወገቡን በመቆንጠጫው እይዘዋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ ድስቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ አመዱን ከግራና ከቀኝ እመልስበታለሁ፣ ከንፈሩን እሸፍናለሁ፣ ላዩን ጠቅጠቅ፣ በእርጋታ። እጄ አይንቀጠቀጥም። በዕድሜዬ እጄ ሳይንቀጠቀጥ ዕቃ አንስቼ ያስቀመጥኩት አሁን ነው፣ ይሄንን አስተውላለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ እግዜር ያሳያችሁ ደስ ይለኛል።

ቀና ስል እያየችኝ ነው። ጨረስሽ? አለች።

ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ ቧንቧ ሠሪው የነካካው ቧንቧ ሲፈለግ ክር ያህል ነው የሚወርደው፣ እጇን ከስሩ ታደርጋለች፣ መዳፏ ተገልጧል፣ ውስጡ ቀይና ነጭ፣ ማየት አልችልም፣ አየዋለሁ፣ ጣቶቿ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ነው፣ ለቀጭን ዶቃ የማይሆኑ፣ ለመርፌ የማይሆኑ፣ ነገ የማይሆኑ፣ ከነገ ወዲያም፣ ነገ ሙሽራዋ ስትመጣ ማን ምን ይላታል፣ ማን ይሰፋል፣ ቤቱን ማን ያቆማል፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ማሰብ ያለበትን ሁሉ አስባለሁ፣ በቅደም ተከተል፣ ግን አፌ የራሱን ሥራ ይዟል፣ አፌን ያዙልኝ፣ አንድ ሰው አፌን ይያዝልኝ

ምን ልትዪ ነበር እትዬ?

መቼ?

ቅድም። እጅሽ ይ፣ ብለሽ ነበር።

ውሃው ይወርዳል። ታየኛለች፣ እያየችኝ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድ አየዋለሁ፣ ከሩቅ ጀምሮ፣ እጇ፣ ብርጭቆው፣ መቆንጠጫው፣ የቆምኩበት ቦታ፣ አፌ፣ ሁሉንም ትለቃቅማለች፣ አንድ በአንድ፣ እኔ ክር እንደምለቅመው፣ ከዚያ ይዛ ትቆማለች። ታውቂ ነበር፣ አለች። ጥያቄ አይደለም። ትኩስ መሆኑን ታውቂ ነበር፣ እያየሽኝ ነበር። እትዬ እኔ፣ ተይው። እትዬ ልልሽ ነበር፣ አፌ ላይ፣ ተይው አልኩሽ። እተወዋለሁ። አልተውም። ሁለቱም በይ ፊደል ነው የሚጀምሩት፣ አያችሁ፣ ይሄ ነው ነገሩ፣ ይባረክም በይ ነው፣ ይሰበርም በይ ነው፣ ምናልባት ጫፉ ሲነካት፣ ከቆዳዋ ቀድሞ አፏ አውቆ፣ ይ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ቀይራ ቢሆንስ፣ የትኛው ነበር፣ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፣ ምን አለበት ብትነግረኝ፣ ምን ይጎድልባታል፣ እጇ እንደሆነ ሄዷል። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እጇ እንደሆነ ሄዷል፣ ብዬ አሰብኩ፣ ያሳደገችኝን እህቴን።

ነጭ ጨርቅ አምጪ፣ ከቀሚሱ የተረፈውን፣ ንጹሑን። ሮጬ አመጣለሁ። ጠቅልዪው፣ አታጥብቂው። እጠቀልለዋለሁ፣ ሳቲን ነው፣ ይንሸራተታል፣ ስትታመም በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው፣ ግንባሯ ላብ ብቻ ነው፣ ደግሞ በደንብ ጠቀለልኩት፣ እኩል እኩል፣ ጫፉን አስገብቼ። ካፖርቴን አምጪ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ። አብሬሽ ልምጣ? እሳትሽን ጠብቂ። ካፖርቱን አለብሳታለሁ፣ የታሰረውን እጅ ውጪ ትቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደርግላታለሁ፣ በአንድ እጅ ልትቆልፍ ስትሞክር አልሆን ይላታል፣ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ ቁልፍ፣ ትታገላለች፣ ግራ እጇ የሰው እጅ ይመስላል፣ ከዚያ ትተወዋለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንድቆልፍላት ትቆማለች። ከላይ ጀምሬ እቆልፋለሁ። ልጅ ሆኜ እሷ እንደዚህ ነበር የምትቆልፍልኝ፣ አሁን ትዝ አይበለኝ እንጂ። አንዱን፣ ሌላውን፣ ወደ ታች፣ ትንፋሿ ፀጉሬ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ትፈልገኛለች። ይሄም ይመጣል፣ ሳልጠራው፣ ፀጉሯን የሚያበጥር፣ ጫማዋን የሚያስር፣ እንጀራዋን የሚቆርስ እጅ የእኔ ነው፣ ደስ ይለኛል ደግሞ ያስጠላኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

የመጨረሻውን ቆለፍኩላት።

አትሄድም። ቆማለች። ዓይን ዓይኔን ታያለች፣ ቅድም የተፈታው ፊት የለም፣ የተቆለፈውም ፊት የለም፣ ምንም የለም፣ መንገድ ላይ አድራሻ ለጠቆማት ሰው የምታሳየው ፊት ነው፣ ጨዋ ፊት፣ እና ቃሉን ትሰጠኛለች፣ ሳትቸኩል፣ ምንም ሳታጎድል፣ ለቧንቧ ሠሪው እንደሰጠችው አድርጋ ትሰጠኛለች

እጅሽ ይባረክ

ትለኛለች፣ እስከ መጨረሻዋ ክ ድረስ፣ ክ ጉሮሮዋ ላይ ስትሰበር ይሰማኛል፣ ከዚያ ዞራ ተረከዟን እየጎተተች በኮሪደሩ ትሄዳለች፣ የውጪው በር ይከፈታል፣ እኔ ማጠቢያው ክፍል መሀል ቆሜ፣ እጄን ወደፊት እንደዘረጋሁ፣ የምቆልፈው ነገር ሳይኖር፣ አፌ ብቻውን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲመረቅ እንዲል የተማረውን

አሜን ይላል።